ምልዓተ ጉባኤው የጎደለ ዕለት

ሚስተር ዌንደል ሃስኬት ዛሬም አንድ ደርዘን ዶናት ገዝተው መጡ። ለማን እንደሆነ እንጃላቸው። መስከረም ላይ ዘጠኝ ተማሪዎች ነበሯቸው። አሁን በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ጠረጴዛውን ከበው የተቀመጡት ሦስት ናቸው፤ መንትዮቹ ጁዳና ኤዝራ፣ እንዲሁም የክፍሉ ጸሐፊ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ኬዚያ።

«ፌሊሲቲስ?» አሉ ኮታቸውን ሳያወልቁ።

«ሄደች እኮ!» አለ ጁዳ ዶናቱን እየጎረሰ። «ቅዳሜ ቤታቸውን ጠቅልለው ወደ አይዳሆ ግዛት ሄዱ። አልነገሩዎትም እንዴ?»

አልነገሯቸውም። ለእሳቸው ማን ምን ይነግራል? ሚስታቸው ዶሪስ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው የሚጮኸው መድኃኒት ቤቱ «መድኃኒትዎ ደርሷል» ሊላቸው ነው፤ እሱም የተቀዳ ድምፅ ነው። ሳምንታቸው አንድ ቀን ብቻ አለው፤ ሐሙስ። ረቡዕ ሸሚዛቸውን ይተኩሳሉ። ሐሙስ ጠዋት እዚህ ሚዙሪ ገጠር ውስጥ ትምህርት ቤት ሳይሄዱ በየቤታቸው የሚማሩ ልጆችን ሰብስበው፣ አሜሪካ እንዴት እንደተመሠረተችና ሕግ ለምን ከሰው በላይ እንደሆነ ያስተምራሉ። ብቸኛ ሰው ናቸው፤ ይህን ማለባበስ አያስፈልግም።

ጣጣው ደንቡ ነው። አምና በአንድ በረዷማ ሐሙስ ሁለት ልጆች ብቻ መጥተው፣ ሁሉም ተማሪ ረጅም ንግግር በቃሉ እንዲያጠና ወሰኑ። የቀሩት ሲሰሙ ጉድ ፈላ። «እኛ ባልነበርንበት!» አሉ። ዌንደል በደስታ እጃቸውን አፋተጉ፤ አሜሪካውያን ባልተወከሉበት ሕግ ሲወጣባቸው ከእንግሊዙ ንጉሥ ጋር የገቡትን ጠብ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? መስከረም ሲገባ ልጆቹን እንደ ጥንቱ በዝይ ላባ ብዕር መተዳደሪያ ደንብ አስጻፏቸው። አራት አባላት ካልተገኙ ምልዓተ ጉባኤ የለም። ሁለት ሐሙስ በተከታታይ ከጎደለ ክፍሉ ይፈርሳል። «መምህሩስ ይቆጠራል?» ብለው ሲጠይቁ ኬዚያ ናት እጇን ያወጣችው። «አይቆጠርም። ሥልጣን የያዘ ሰው ራሱን መቁጠር ከጀመረማ ምን ቀረ?» አጨበጨቡላት። ዘጠኝ ተማሪ ላለው ሰው ማጨብጨብ ቀላል ነው።

ባለፈው ሐሙስ ፌሊሲቲ ቀርታ ሦስት ነበሩ። ዛሬ ሁለተኛው ነው። እናቶቹ አርባ ደቂቃ መንዳት ሰልችቷቸዋል፤ ክፍሉ ከፈረሰ ልጆቹን በኮምፒዩተር ለሚሰጠው ትምህርት ሊያስመዘግቡ ተነጋግረው ጨርሰዋል።

ኬዚያ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ዘረጋች።

«አራት ብለሽ ጻፊ» አሉ ዌንደል።

ልጅቷ ቀና አለች። «ሦስት ነን እኮ።»

«ፌሊሲቲ መልቀቂያ አላስገባችም። አባል ናት።»

«አባል መሆን ሌላ፣ መገኘት ሌላ። ደንቡ ‹ካልተገኙ› ነው የሚለው።»

«በቃ ደንቡን እንቀይረዋ!» አለ ጁዳ።

«ለመቀየርም አራት ሰው ያስፈልጋል» አለች ኬዚያ።

«ኧረ ጻፊው ባክሽ!» አለ ኤዝራ። «ማን ያያል? እኛና ዶናቱ!»

«አንተ ደግሞ አፍህን ጥረግ» አለችው።

«ኬዚያ፣ ልጄ…» አሉ ዌንደል። «አንድ ቁጥር ናት። አንድ ቁጥር ማንን ይጎዳል?»

ከአፋቸው ሲወጣ ፊታቸው ጋለ። ባለፈው ወር ይህችኑ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጽፈው፣ «ሥልጣን ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው» ብለው ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው። ልጅቷም አልረሳችም። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ሚስተር ዌንደል፣ እኔም እንዲዘጋ አልፈልግም» አለች ቀስ ብላ። «ቤት እኔና እማዬ ብቻ ነን። ከሐሙስ በቀር የማወራው ሰው የለኝም። ግን አራት ብዬ ከጻፍኩ… እስካሁን ያስተማሩን ምን ነበር?»

ዌንደል ተናደዱ፤ በልጅቷ፣ በአይዳሆ፣ ጥላቸው በሄደችው ዶሪስም። ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። የባሰው ነገር ደግሞ በልጅቷ መኩራታቸው ነበር። ያስተማሩት ሁሉ አንድም ሳይፈስ እሷ ውስጥ ገብቷል፤ ገብቶም ዞሮ እሳቸውን ያዛቸው።

«ሦስት ብለሽ ጻፊ» አሉ።

ጻፈች። ከሥሩም «ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ክፍሉ በደንቡ መሠረት ፈርሷል» ብላ ጨመረችና መዝገቡን ወደ እሳቸው አዞረችው። ዌንደል መነጽራቸውን አድርገው ፈረሙ።

እናቶቹ መጥተው ልጆቹን ወሰዱ። ዌንደል ወንበሮቹን ደራረቡ፣ መብራቱን አጠፉ፣ የተረፉትን ዶናቶች ይዘው ወደ ቤታቸው ነዱ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ነጩን ሸሚዛቸውን አውጥተው ኮሌታውን ሳይቀር በጥንቃቄ ተኮሱት። ነገ የሚሄዱበት እንደሌለ ትዝ ያላቸው ሸሚዙን መስቀያው ላይ ሰቅለው የላይኛውን ቁልፍ ከቆለፉ በኋላ ነው።