ያልተሳፈረው ጠፈርተኛ

«ለተከበራችሁ ለቀስተኞች በሙሉ፤ በሳሎኑ መካከል የሚገኘው መንኩራኩር፣ ለወንበር ቦታ ሲባል፣ ከዛሬ ረፋድ ጀምሮ በቁም ሣጥኑ ራስ ላይ እንዲያርፍ ተወስኗል።»

የመምህሩ ታላቅ እህት ይህን ያወጀችው የሻይ ፔርሙሱን እንደ ማይክሮፎን ይዛ ነው። አባታቸው ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀን ነበር። ሳቅ ያመለጣቸው ሰዎች ቶሎ ብለው ወደ ሳል ቀየሩት። ሟቹ ቢኖሩ ቀድመው የሚስቁት እሳቸው ነበሩና ማንም አልተቆጣትም።

መምህሩ ግን አልሳቀም። መንኩራኩሩን ሊያነሣ ሲጠጋ ነው ያየው። ትናንት እንደ ተፈለቀቀ ለውዝ ለሁለት ተከፍሎ የነበረው አካል ዛሬ ገጥሟል፤ መጋጠሚያው ላይ ሙጫው ደርቆ ያብለጨልጫል።

«አየኸው?» አሉት አጎቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ከጥግ ብድግ ብለው። «ትናንት ከሰዓት ሙሉ እሱን ይዤ ዋልኩ። ወንድሜ ጀምሮ የተወው ነገር እንዲኖር አልፈልግም። መቼም መግጠም አያቅተኝ።» ዐይናቸው ቀልቷል፤ ጣቶቻቸው ላይ ሙጫ ተጋግሯል።

«እጅዎ ይባረክ ጋሼ» አለ መምህሩ።

አባትየው አርባ ዓመት አሳንሰር ሲጠግኑ ኖረዋል። ሰውን ሁሉ ሽቅብ እያወጡ እሳቸው ከስምንተኛ ፎቅ አልዘለቁም። ጡረታ ሲወጡ ይህን ሞዴል አመጡ፤ ሲገጣጠም ቁመቱ ጉልበት የሚደርስ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ የጥንት መንኩራኩር፣ ስምንት መቶ ቁራጭ ሆኖ በካርቶን።

«አባዬ፣ ይሄ የልጅነት በሽታ ነው፤ አንተን ዘግይቶ ያዘህ» ይላቸው ነበር መምህሩ።

«አንተ ስለ ስበት አስተምር፤ እኔ ልታገለው» ይላሉ፣ ሳይቀየሙ።

ውስጡ የሚሳፈረውን ትንሽ ጠፈርተኛ ፊቱን ብቻ ለመቀባት ሁለት ወር ፈጀባቸው፤ ቅንድቡን በአንዲት የብሩሽ ፀጉር። አንድ ቀን «ና እስቲ፣ ያንተ እጅ ይሻላል» ቢሉት፣ የማርመው ፈተና አለ ብሎ ወጣ። ፈተና አልነበረም።

ሆስፒታል፣ በመጨረሻው ቀን፣ እጁን ይዘው «ሰውየውን አስገባልኝ» አሉት።

«የቱን ሰውዬ አባዬ?»

«ሳይዘጋ በፊት። ባዶውን አትላከው።»

ትኩሳቱ ነው ብሎ «እሺ፣ አስገባዋለሁ» አለ። የአባቱ ነገር የገባው ከቀብር ሲመለስ ነው። የመሃል ጣት የሚያህለው ጠፈርተኛ ቀለሙ እንዲደርቅ እርሳስ ጫፍ ላይ ተሰክቶ መስኮቱ ሥር ቆሟል። የመንኩራኩሩ በር ለይምሰል የተቀረጸ ነው፤ ሁለቱ ግማሾች ከተጣበቁ ወዲያ ወደ ውስጥ መግቢያ የለም። ለቅሶው ይለፍ ብሎ አቆየው።

አሁንም እዚያው ቆሟል። አጎቱ አላዩትም።

መምህሩ ከአባቱ የመሣሪያ ሣጥን ቀጭኗን መጋዝ አወጣና መጋጠሚያው ላይ አሳረፋት።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች እህቱ።

መጋዟ ገዘገዘች። ብርማ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። አንዲት ጎረቤት «ሐዘን ነው፣ ተዉት» ብለው አንሾካሾኩ።

«ልጄ፣ አጣምሜ ገጥሜው ነው?» አሉ አጎቱ። ድምፃቸው ሳሳ። «አበላሸሁት?»

«አላበላሹም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን በደለህና ትገነጥለዋለህ?»

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ቢናገረው፣ ሽማግሌው የወንድማቸው የመጨረሻ ቃል እንዳይፈጸም በገዛ እጃቸው መግቢያውን እንደዘጉ ያውቃሉ፤ ካወቁ ደግሞ የቀረ ዕድሜያቸውን ከዚያ ጋር ይኖራሉ። ዋጠው። ምስጋና ቢስ ይበሉኝ አለ በልቡ።

ግማሹ ተላቀቀ፤ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል። ጠፈርተኛውን ከእርሳሱ ነቅሎ መቀመጫው ላይ አኖረው። ክር የምታክል ቀበቶውን በወረንጦ ይዞ በትከሻው አሳለፋት። አንዴ አመለጠችው። ሁለቴም። በሦስተኛው ያዘች። በጣቱ ጫፍ ደረቱን ነካ አድርጎ፣ እንደማይነቃነቅ አረጋገጠ።

አጎቱ ሙጫ የተጋገረባቸውን ጣቶች ኪሳቸው ከተቱ።

«ቢያንስ ለጋሼ ንገራቸው» አለች እህቱ። «ለምን እንደሆነ።»

«አልናገርም» አለ መምህሩ፣ ቀና ሳይል።