የእሑዷ መንገደኛ

ወይዘሮ መርዲና የሣጥኑን ቁልፍ ያወጡት ከሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የአርድሞርን ቤተ ክርስቲያን አሮጌ መዝገቦች መጠበቅ ከጀመሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቆርቆሮው ግን አንድም ቀን ቦታውን ለቆ አያውቅም። የዘሯን ሐረግ የምትፈልገው ግሪዘል ማክአስኪል ይህን ቆርቆሮ ሲከፈትና ሲዘጋ ለአሥራ አንድ ዓመት ስታየው ኖራለች። ዛሬ ግን ዐይኗ ከግድግዳው ሰዓት ላይ አልነቀል ብሏት ነበር።

ድንጋይ ጠራቢው ፊንሌይ የሚጠብቃት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው። የመታሰቢያ ድንጋዩ ተጠርቦ አልቋል፤ በመካከሉ «ኢዌን ማክአስኪል፣ ከስኮትላንድ በሕፃንነቱ የመጣ» የሚል ተቀርጾበታል። ከዚህ በላይ ለኢዌን ወላጆች ሁለት መስመር ባዶውን ቀርቷል። ቅዳሜ የኢዌን ዘር የሆነ ሁሉ፣ ከኖቫ ስኮሺያ ከየአቅጣጫው፣ ለምረቃው ይመጣል። ከቅዳሜ በኋላ መሬቱ በረዶ ይይዘዋልና እስከ ፀደይ የሚተከል ድንጋይ የለም።

«ምን ያስጨንቅሻል?» ብሏት ነበር ታናሽ ወንድሟ ላክላን ጠዋት በስልክ። «ጆንና ግሪዘል ብለሽ ጻፊና ገላግይን። ስሙን እኮ እናውቀዋለን።»

እውነቱን ነው፣ ያውቁታል። በእነሱ ዘንድ ስም እንደ ደረሰ አይወጣም፤ ተራ አለው። የመጀመሪያዪቱ ሴት ልጅ የእናቷን እናት ስም ትወስዳለች፣ ሁለተኛዪቱ ደግሞ የአባቷን እናት። የኢዌን ሁለተኛ ሴት ልጅ ግሪዘል ነበረች። እንግዲያው የኢዌን እናት ግሪዘል ናት፤ ይህንንም የቤቱ ልጅ ሁሉ ማንበብ ሳይችል ጀምሮ ያውቀዋል። ስሙ ከዚያ ወዲህ ሳይቋረጥ ወርዶ ወርዶ ስድስተኛዋ ግሪዘል ላይ፣ ማለትም እሷው ላይ አርፏል። በልጅነቷ የአሮጊት ስም እያሉ ሲያበሽቋት እያለቀሰች ትገባ ነበር። እናቷም ዕንባዋን እየጠረጉ፣ ስሙ የመጣው ከሩቅ ስለሆነ ቻይው ይሏት ነበር።

ችግሩ ሌላ ነው። የመርከብ ተሳፋሪዎችን ዝርዝር፣ የመሬት ስጦታ ወረቀቶችን፣ የጥምቀቱንና የቀብሩን መዝገብ አንድ በአንድ አገላብጣለች። ማክአስኪል የሚባል ሰው ያገባት ግሪዘል የምትባል ሴት ግን በየትም የለችም። ያላገኘችውን ሰው በድንጋይ ላይ ማስቀረጽ ደግሞ ሆዷ እሺ አላላትም። ድንጋይ እንደ ወረቀት ተሰርዞ አይታረምም።

«ያላየሽው አንድ ብቻ ነው የቀረው» አሉ ወይዘሮ መርዲና፣ ከሣጥኑ ሥር ጥቁር ሽፋን ያለው ወፍራም መዝገብ እየጎተቱ።

«የቱ ነው እሱ?»

«የጥፋተኞቹ።»

ግሪዘል ሳቀች። ሰክሮ የተሳደበውን፣ ሳታገባ ያረገዘችውን፣ በሰንበት እንጨት የፈለጠውን ሁሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እየጠሩ የመረመሩበት መዝገብ ነው። ማክአስኪሎች ደግሞ በድህነታቸውም ቢሆን የሚኮሩበት አንድ ነገር ነበራቸው። «እዚያ ውስጥ የእኛ ሰው የለም፣ እትዬ። አያቴ ይምሉ ነበር።»

«ማን የማይምል አያት አለ? የእኔም ይምሉ ነበር። አባታቸው ሦስት ጊዜ ተጠርተዋል፤ ሦስቱንም በመጠጥ።» አሮጊቷ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ደግ የሠራ ሰው የት ይጻፋል ብለሽ ነው? በዚያ ዘመን ቀለም የሚወጣው ለጥፋት ነው። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ሌላ ምን ታድርግ፣ ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል። የመዝገቡ ቅጠል ደርቆ ይንኮሻኮሻል፤ የጸሐፊው እጅ ግን ጥርት ያለ ነው። ስንት ስካር፣ ስንት ስድብ፣ ስንት የጎረቤት ጠብ አለፈች። ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የ1804 ጥር ላይ ስትደርስ፣ ጣቷ ባለበት ቆመ። የራሷን ስም ነበር ያየችው።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ያላገባችው ግሪዘል ሮስ ሰንበትን በመሻር ተከሳ ቀረበች። እሑድ ዕለት ከወንዙ ማዶ በበረዶው ላይ ዘጠኝ ማይል ሸክም ተሸክማ ስትጓዝ ታይታለች። ሸክሙ ምን እንደሆነ ተጠየቀች። ሕፃን ነው አለች። ጆን ማክአስኪልና ሚስቱ ማርጋሬት በትኩሳት መሞታቸውን፣ ልጃቸው ኢዌን እሳት በጠፋበት ቤት ብቻውን መገኘቱን ተናገረች። ስለምን ሰኞን እንዳልጠበቀች ተጠየቀች። ልጁ ሰኞን አያይም ነበር አለች።»

ግሪዘል አፏን በእጇ ያዘች። የቀረውን ወይዘሮ መርዲና ጎንበስ ብለው አነበቡላት።

«ጥፋቷን እንድታምን ተጠየቀች። አላመነችም። በጉባኤው ፊት እንድትገሠጽ፣ በዚህ ወቅትም ከጌታ ማዕድ እንድትከለከል ተወሰነ። ልጁን ለሽማግሌዎች እንድታስረክብ ታዘዘች። አሁን ተኝቷል፣ ይንቃ አለች።»

«ከዚያስ?»

አሮጊቷ ብዙ ቅጠል ገለጡ። ልጆች የሃይማኖት ትምህርት የተፈተኑበት ገጽ ላይ ደርሰው በጥፍራቸው አሳዩአት። «ኢዌን ማክአስኪል፣ በግሪዘል ሮስ ቤት የሚያድግ፣ መልሱን በሚገባ አወቀ።»

ስለዚህ አልነቃም ማለት ነው፣ አለች በልቧ ግሪዘል፣ ወይም ሲነቃ እሷን ብቻ ነው ያየው። አድጎ፣ አግብቶ፣ ሁለተኛዋ ሴት ልጅ ስትወለድ የእናቱን ቦታ ለዚያች ሴት ሰጣት። የወለደችው የማርጋሬት ስም ለሦስተኛዋ ልጅ ወጣ። ዘሮቹ ደግሞ ተራውን አምነው፣ የሌለች ሚስት ቆጥረው ሁለት መቶ ዓመት ኖሩ። ቅዳሜ የሚመጣው ሕዝብ፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ ያ ሁሉ ሰው በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ወንዝ የተሻገረ ነው። ዕንባዋ መጣ፣ ግን የሐዘን አልነበረም። ማመስገን ፈለገች፤ ማንን እንደምታመሰግን ግን አላወቀችም።

«ዘር አላት?»

«አላገባችም። ድንጋይም የላትም። ድንጋይ የሌላቸው በሰሜኑ ጥግ ናቸው፣ እዚያ ትሆናለች።»

ግሪዘል ስልኩን አንሥታ ለወንድሟ ደወለች፤ የተጻፈውን ቃል በቃል አነበበችለት።

«ደማችን አይደለችማ» አለ ላክላን።

«ደማችን እዚያ ቤት ውስጥ በርዶ ሊቀር ነበር፣ ላክላን።»

«ያለን ሁለት መስመር ነው። ስሙ ደግሞ ሦስት።»

«ወላጆቹ አንዱን ይካፈሉ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ለምደውታል።»

ላክላን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰኞን አያይም ነበር… እንደዚህ ብላ ነው የመለሰችላቸው? ለሽማግሌዎቹ?» አለ።

«እንደዚህ ብላ ነው።»

«ቁርጥ አንቺን» አለ ላክላን። «በይ አስቀርጪው፤ ለሰዉ እኔ እነግራለሁ።»

ካፖርቷን ስትለብስ ወይዘሮ መርዲና ከሣጥኑ ጥግ አንዲት የቆዳ ከረጢት አወጡ። ውስጧ ጥፍር የሚያካክሉ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ምልክቶች ነበሩ። ጥንት ከቁርባን በፊት ሽማግሌዎቹ ለተገባው ሰው አንዳንድ ይሰጡት ነበር፤ ያልያዘ ወደ ማዕዱ አይቀርብም። አሮጊቷ አንዷን መርጠው በግሪዘል መዳፍ ላይ አኖሩና ጣቶቿን አጠፉላት።

«በዚያ ዓመት የእሷን አልሰጧትም» አሉ።

«እትዬ፣ ይህ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ነው።»

«እንግዲህ እኔም ልከሰስ። መዝገቡ ባዶ ገጽ አለው።»

ግሪዘል ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስትስማቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ከመቃብሩ ግቢ ደረሰች። ፊንሌይ የድንጋዩን መሠረት በሲሚንቶ ሞልቶ ጨርሶ፣ ከመኪናው ኋላ ቆሞ መሮውን ይስላል። የመጀመሪያውን መስመር፣ «ጆንና ማርጋሬት ማክአስኪል» የሚለውን፣ ያለ ጥያቄ ጻፈው። ሁለተኛው ላይ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።

«ግሪዘል ሮስ… የማን ሚስት ልበል?»

«የማንም።»

«የማን እናት?»

ነፋሱ ከወንዙ በኩል ነበር የሚመጣው፤ ወንዙ ገና አልረጋም፣ ከዳር ዳር ብቻ ስስ በረዶ ይዟል። ግሪዘል ማዶውን አየችው። ሩቅ ነው።

«እንዲህ በል» አለችው። «ግሪዘል ሮስ፣ እሑድ ዕለት ተሸክማው የመጣች።»

ፊንሌይ በከንፈሩ ፊደል ቆጠረ። «ይበቃል» አለና ወደ ሥራው ጎንበስ አለ።

እሷም ከመሠረቱ አጠገብ ተንበረከከች። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር። ከኪሷ ምልክቷን አወጣች፤ በመዳፏ ሙቀት ሞቃለች። በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገቻት፣ ሲሚንቶውም ቀስ ብሎ ተቀበላት።

«ምን ቀበርሽበት?» አለ ፊንሌይ ቀና ሳይል።

«የእሷን ነው» አለች። «ትንሽ ዘገየ እንጂ።»