ለዘርፈሽዋል የማልኩት መሐላ

ዘርፈሽዋል ከወልቂጤ ልትጠይቀኝ የመጣችው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ልጆች ሳለን ወልቂጤ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት አብረን ተቀጥረን፣ ከወለሉ የምንለቅመውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠምን አልጋ ልብስ መስፋት ጀመርን። አሠሪያችን «ድሪቶ» እያለ ይስቅብን ነበር። እኔ አግብቼ ቡታጅራ ከገባሁ በኋላም አልተውነውም። በየዓመቱ ወይ እሷ ትመጣለች፣ ወይ እኔ እሄዳለሁ፤ ጨርቅ አብረን ገዝተን ሳምንቱን ሙሉ ስንሰፋ እንከርማለን። ባለቤቴ ዑመይር «ባሂራ፣ ያቺ ሴትዮ ከመጣች ምግባችን ውስጥ ሳይቀር ክር ይገኛል» ይለኛል።

ያን ቀን ከሚኒባሱ ስትወርድ እግሯ መሬቱን ስቶ ልትወድቅ ነበር። መንገዱ አድክሟት ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ወደ ጨርቅ ነጋዴው ከማሉ ሱቅ ሄድን። ጨርቅ ቤት ስንገባ ዕድሜያችንን እንረሳለን። ጣቃውን ሁሉ እናስወርዳለን፣ እንዘረጋለን፣ እንከራከራለን፤ ከማሉም ለምዶናል። ነጭና ቢጫ አበባ ያለበት ጥጥ መርጠን፣ ለዳር ዳሩ ወይን ጠጅ ቀለም እንዲሆን ተስማማን። ዘርፌ ጨርቆቹን በጣቷ ስታሻሽ ቆይታ አንዱን ጎትታ አወጣች።

«ይኸው! ስንፈልገው የነበረው ወይን ጠጅ!»

የያዘችው ጥቁር ነው። የምትቀልድ መሰለኝ።

«ምነው፣ ለቅሶ ልንደርስ ነው እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ።

ከማሉም ሳቀ። «እትዬ፣ እሱ ከሰል ነው» አላት። ቆመው የሚገበያዩት ሴቶችም ተከትለውን ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። ጨርቁን ወደ ፊቷ አስጠግታ፣ አንገቷን ወደ ጎን ሰበር አድርጋ አየችውና «አዎ፣ ለካ ጥቁር ነው» ብላ መለሰችው። ከዚያ በኋላ ጨርቅ አልመረጠችም። «አንቺ እንዳልሽ» ብቻ ትለኝ ጀመር።

ቤት ገብተን ከወልቂጤ የጀመረችውን ሥራ ከቦርሳዋ ስታወጣ ደነገጥኩ። የዘርፌ ስፌት ቀጥ ያለ፣ የእኔን የሚያሳፍር ስፌት ነበር። ይኼኛው ግን ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፤ ሁለት ቁራጭ ደግሞ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ተሰፍቷል። ሻይ አቅርቤላት ነበርና መቀስ ለማንሳት ስትዘረጋ ብርጭቆውን በክንዷ ገፍታ አፈሰሰችው። በስተቀኟ እንደነበረ ጭራሽ አላየችውም።

«ዘርፌ፣ ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

የፈሰሰውን ሻይ በእጇ እየዳሰሰች ጠረገች።

«ዓመት ሊሆነው ነው» አለች በመጨረሻ። «ቀኙ ጨልሟል። ግራው ደግሞ መሃል መሃሉን ብቻ ነው የሚያሳየኝ፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት በይው።»

«ሐኪም ምን አለሽ?»

«አልሄድኩም። እናቴ እንዲሁ ነው የጀመራት፤ መጨረሻዋን አይተሻል። ታውሪያለሽ ሲሉኝ ለመስማት ነው የምሄደው? ሲና ደግሞ ካወቀች መርፌ አታስነካኝም።» ሲና አብራት የምትኖር አንድ ልጇ ናት። «የመጣሁት ካንቺ ጋር አንድ አልጋ ልብስ ልሰፋ ነው፤ ሳይጨልም። ለማንም እንዳትነግሪ ማይልኝ።»

ሱቅ ውስጥ የሳቅሁት ሳቅ ትዝ አለኝ። እምቢ ለማለት አቅም አጣሁ። «ወላሂ አልናገርም» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ሥር ተቀምጠን ስንሰፋ መርፌው ጣቷን ወጋት። «እስ» ብላ ቀጠለች። ደሟ ነጩ ጨርቅ ላይ ነጠብጣብ ሠራ፤ እሷ ግን አላየችውም። አንዱን ቁራጭ ጨርሳ ወደ ሁለተኛው አለፈች፤ እያወራችኝ፣ እየሳቀች። የምታወራው ምን እንደነበር አልሰማሁም።

ተነሥቼ ጓሮ ወጣሁ። እንሰቱ መሃል ቆሜ ለሲና ደወልኩ። እየነገርኳት «ወላሂ» ያልኩት አፌ ውስጥ ይመረኝ ነበር።

ሲና በማግስቱ ጠዋት ደረሰች። ዘርፌ የልጇን ድምፅ በር ላይ ስትሰማ ገባት። አልጮኸችም። ሥራዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

«ወላሂ ብለሽኝ ነበር» አለችኝ። ዑመይር እስከ መናኸሪያ ሲሸኛቸው እኔ አልተከተልኩም፤ እንድከተል የምትፈልግ አልመሰለኝም።

ሲና አዲስ አበባ ወስዳ አስመረመረቻት። የዓይን ግፊት ነው ተባለ። ቀኙ አይመለስም፤ ግራው ግን በየቀኑ ጠብታ ከተደረገለት ባለበት ሊቆይ ይችላል። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ እሱም ይሄድ ነበር ብሏታል ሐኪሙ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሲና ናት። ዘርፌ ስልኬን አታነሳም ነበር።

የመስጊዳችንን ሼህ ስለ መሐላው ጠየቅኳቸው። መሐላ ያፈረሰ ሰው ድሆችን ማብላት እንዳለበት ነገሩኝ፤ አደረግኩ። ከአላህ ጋር የነበረኝ ነገር እንዲያ ቀለለኝ፤ የዘርፌ ግን አልቀለለኝም። ልናገር ይገባኝ ነበር፣ ይህን አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ ለራሷ «አልችልም፣ እናገራለሁ» ልላት ይገባኝ ነበር። ተደብቄ ነው የደወልኩት።

መጋቢት ላይ አላስቻለኝም፤ ሳልጠራ ወልቂጤ ሄድኩ። በአክብሮት ተቀበለችኝ፣ እንደ እንግዳ። «ተጫወቺ፣ ብዪ» ትለኛለች። ድሮ ቤቷ ስገባ ብርጭቆዬን ራሴ ነበር የማጥበው።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ዓይኔን አትርፈሽልኛል» አለች። «ጠዋት ጠዋት ጠብታዬን ሳደርግ አንቺን እመርቃለሁ። ግን ባሂራ፣ እኔ ያን ነገር የነገርኩት ላንቺ ብቻ ነበር። አሁን የሆነ ነገር ቢያስጨንቀኝ ለማን ነው የምነግረው?»

ጥቂት አለቀስኩ፤ እሷም ጉልበቴን ያዝ አደረገችው።

ስወጣ እስከ ባጃጁ ሸኘችኝ። «ስትደርሺ ደውይ» አለች። ቡታጅራ እንደገባሁ ዘርፌ ስልክ ላይ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሲና ናት።

«እማዬ እዚሁ አጠገቤ ናት» አለችኝ። «ደህና ገባች ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ነው የምትለው።»

«ደህና ገብቻለሁ በያት» አልኳት።