የሁለት ሰው ማሽን

ስልኩ ሲጮህ አናጺው ከወገቡ በላይ የጌም ማሽኑ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ሁለት ብሎን በከንፈሩ ይዞ፣ የመጨረሻዋን ቀይ ሽቦ ከቁልፏ ጋር እያገናኘ ነበር። ቸኩሎ ሊወጣ ሲል ጭንቅላቱን ከኮምፔንሳቶው ጣውላ ጋር አጋጨው። ብሎኖቹን መዳፉ ላይ ተፍቶ ስልኩን አነሳ። የደወለው ታናሽ ወንድሙ ነው።

«ጋሼ፣ ታች ደርሻለሁ። እንዳትወርድ፣ ራሴ እወጣለሁ።»

«እሺ፣ ቶሎ በል» አለና ዘጋው።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው አሳንሰር የለውም። የመጣ እንግዳ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ደረጃውን ሳይረግም አይገባም፤ አናጺው ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጣውላ ተሸክሞ ስለወጣበት እግሩ ከለመደው ቆይቷል። አምስት ደቂቃ አለኝ ብሎ አሰበ። የማሽኑን የኋላ በር በካቻቢቴ አሰረ፣ የመጋዙን ብናኝ በእጁ ጠርጎ ከሶፋው ሥር ደበቀ፣ ሶኬቱን ሰካ። ስክሪኑ ጥቂት ተንጫጭቶ በራ። ሁለት አውሮፕላኖች፣ አንዱ ቢጫ አንዱ አረንጓዴ፣ ከጥቁር ባሕር በላይ ጎን ለጎን ቆመው የሚያስነሳቸው ሰው ይጠብቃሉ። አናጺው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ሥራውን አየው። አማረበት። እውነት ለመናገር፣ በዚህ ቤት ውስጥ ያማረ ነገር ሲታይ ከሦስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ሚስቱ የሞተችው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ምሳውን ቆሞ ይበላል፤ ሬዲዮውን ለወሬው ሳይሆን ለድምፁ ሲል ከፍቶት ይውላል። የሰው ድምፅ ይዞለት የሚመጣ ወንድሙ ብቻ ነበር። ወንድሙ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ባለፈው ዓመት ነው ጡረታ የወጣው። ልጅ ሆኖ ከእኩዮቹ ሁሉ ያንስ ስለነበር ጢኖ ይሉታል፤ በር የሚሞላ ጎልማሳ ከሆነ በኋላም ጢኖ እንደተባለ ቀረ። በየቅዳሜው ይመጣ ነበር፤ ካርታ ይጫወታሉ፤ በሳምንቱ አውቶቡሱ ላይ የወጣውን ሰካራምና ጨቅጫቃ ሁሉ ድምፁን እየቀያየረ ይተርክለታል።

ባለፈው ዓመት ግን ቅዳሜዎቹ እየሳሱ መጡ። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞኛል አለ፣ አንድ ጊዜ ደክሞኛል፣ አንድ ጊዜ ዝናቡ። በመጨረሻ ጭራሽ ቀረ። በስልክ «ለምን አንተ አትመጣም?» ማለቱን ግን አልተወም። አናጺው ይህን ለይሉኝታ ያህል የሚባል ነገር አድርጎ ቆጠረው። ሐዘን ያደረበት ቤት ሰልችቶት ነው አለ በልቡ፤ ምን ይፈረድበታል፣ እኔም ቤቴ ሆኖብኝ እንጂ ፈልጌ አልገባበትም።

አንድ ቀን የሰው ወጥ ቤት ሊገጥም በሄደበት፣ ባለቤቶቹ አውጥተው ከጣሉት ዕቃ መካከል አንድ ጀርባው ያበጠ የድሮ ቴሌቪዥን አየ። ቆሞ ቀረ። ከሰፈራቸው ሲኒማ ቤት ጀርባ የነበረው ጠባብ ጌም ቤት ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። እሱ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ጢኖ ስምንት። ሰባት ማሽን ነበር፤ የእነሱ በሩ አጠገብ የቆመው ባለሁለት እጀታው ነው። እሱ ቢጫውን አውሮፕላን ይነዳል፣ ጢኖ አረንጓዴውን። ጢኖ ስለማይደርስ የጠርሙስ ሳጥን ገልብጦ ይቆምበታል። እዚያ ሆነው የቤት ሥራም፣ የአባታቸው ቁጣም ትዝ አይላቸውም ነበር። ይህን ብሠራለት ይመጣል አለ አናጺው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ማሽኑ ከተሠራ ጢኖ ቅዳሜ ይመጣል፤ ቅዳሜ ከመጣ፣ ያለፈው ሳምንትና የሚመጣው ሳምንት አንድ መሆናቸው ይቀራል።

ሥራው ስምንት ወር ፈጀ። እንዲህ ያለ ማሽን በየቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች በየአገሩ እንዳሉ ኢንተርኔት ላይ ሲያይ ተገረመ፤ አብዛኞቹ እንደ እሱ ሽበት የወረራቸው ናቸው። ቴሌቪዥኑን ሬዲዮ ጠጋኙ ጎረቤቱ አስነሳለት፣ የድሮ ጨዋታዎችን የያዘች መዳፍ የምታህል ኮምፒውተርም ገጠመለት። እጀታዎቹና ቁልፎቹ ከውጭ እስኪመጡ ሁለት ወር ጠበቀ። ከሳሎኑ ሶፋዎች አንዱን፣ ተቀማጭም ስለሌለው፣ ለሰው ሰጥቶ ለማሽኑ ቦታ ለቀቀ። ለወንድሙ ትንፍሽ አላለም፤ ድንገት እንዲያየው ነው የፈለገው። ጢኖ ደውሎ «ና እንጂ» ባለ ቁጥር «ሥራ ይዣለሁ» ይለዋል፤ ስልኩን ሲዘጋ ለብቻው ፈገግ ይላል። ለዛሬዋ ቅዳሜም ሁለት ሳምንት ለምኖ፣ በመጨረሻም ሊቆጣ ሲል ነው ጢኖ እሺ ያለው።

አምስቱ ደቂቃ ሃያ ሆነ። ጎረቤት ይዞት ይሆናል አለ፤ ጢኖ ወሬ ካገኘ ቤቱንም ይረሳል። በሩን ከፍቶ ቢያዳምጥ ግን ወሬ የለም። የእንጨት ኳኳታ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ደግሞ ኳኳታ። ወረደ። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ወንድሙ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ከዘራ ጭኑ ላይ አጋድሟል። ያ በር የሚሞላ ሰው ኮቱ ሰፍቶታል፤ ግንባሩ በላብ ርሷል።

«እንዳትወርድ አላልኩህም?» አለ ጢኖ ቀና ሳይል።

«ከዘራ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ለወግ ነው። ጡረታ የወጣ ሾፌር ሌላ ምን ይጨብጥ?»

አናጺው አልሳቀም። ብብቱ ሥር ገብቶ ሊደግፈው ሲል ጢኖ አሻፈረኝ አለ። የቀሩትን ደረጃዎች መጀመሪያ ከዘራው፣ ቀጥሎ ደህናው እግር፣ ቀጥሎ ሌላው እየሆነ ወጡት። አናጺው ከኋላው ሆኖ ይከተላል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ሲወጣና ሲወርድ ደረጃው ይህን ያህል ብዙ መሆኑን አያውቅም ነበር።

ሳሎኑ መግቢያ ላይ ጢኖ ቆመ። ማሽኑን ከታች እስከ ላይ አየው። ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አንዱን እጀታ ነካ አደረገው።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«ታዲያ ማን ይሠራልኛል?»

ጢኖ አፉን በመዳፉ ይዞ ቆየ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አላበሰውም። አናጺው ስምንት ወር የደከመው ለዚህች ደቂቃ ነበር። ሁለቱንም የመነሻ ቁልፎች ተጫናቸው።

አውሮፕላኖቹ ተነሱ። ጢኖ እንደ ድሮው ሁሉንም እኔ ልምታ እያለ ቢጫው መንገድ ውስጥ ይገባበታል፤ አናጺው እንደ ድሮው ይቆጣዋል። ጥቂት ሄዱ። ከዚያ አረንጓዴው ዝም ብሎ ቀጥ እያለ መብረር ጀመረ፤ አይታጠፍም፣ አይተኩስም። አናጺው ዞር ቢል ወንድሙ ክንዶቹን እጀታዎቹ ወደተተከሉበት ቦርድ ሰቅሎ፣ አንድ እግሩን ከወለሉ አንስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። አረንጓዴው ተመታ።

ወንበር አመጣለት። ጢኖ ቁጭ ሲል ቦርዱ ከግንባሩ ትይዩ ሆነ። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እጀታውን በዳበሳ ያዘ። ስክሪኑ አይታየውም።

«ይኸው፣ ስምንት ዓመቴ ላይ መለስከኝ» አለና ሳቀ። ቦርዱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ጋሼ፣ ይሄን ከፍታ ከየት አመጣኸው?»

«እንደ ድሮው ነዋ። ደረቴ ላይ አልነበር?»

«ደረትህ ላይ ነበር። ያኔ ግን አሥራ ሁለት ዓመትህ ነው።»

አናጺው ቦርዱን አየ፣ የገዛ ደረቱን አየ። በሙያው ስሙ የሚጠራው በልክ ነው። ወጥ ቤት ሊሠራ ሲጠራ መጀመሪያ እመቤቲቱን ግድግዳ ሥር አቁሞ የክርኗን ቁመት በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፤ የሚጠቀምበት ሰው ካልቆመለት አንዲት ጣውላ አይቆርጥም። ይህን ግን ማንንም ሳያቆም፣ በትዝታ ብቻ ለክቶ፣ የልጅነት ደረቱን የዛሬ ደረቱ ላይ አምጥቶ ነው የሠራው። የቀረውንም አካል በዚያው ልክ አስረዝሞት ማሽኑ ጣሪያ ሊነካ ደርሷል። ተመልሶ በበሩ እንደማይወጣ እንኳ አሁን ገና ነው ያየው።

«ሰውን ሁሉ እያቆምክ ትለካለህ» አለ ጢኖ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢኖርበት ይቀል ነበር። «እኔን አንድ ቀን መጥተህ ብታየኝ ኖሮ፣ ቁጭ ብዬ እንደምውል ታውቅ ነበር።»

«ምንህን ነው?»

«ዳሌዬን። ስንት ዓመት ሙሉ መሪ ላይ ተቀምጦ መዋል ይኸው ነው ትርፉ። ክረምቱ ሳይገባ በብረት ቀየሩልኝ።»

«ሆስፒታል ለምርመራ ነው የምገባው አላልከኝም?»

«በስልክ ምን ልበልህ? ና አልኩህ፣ ሥራ ይዣለሁ አልከኝ።» ጢኖ የከዘራውን እጀታ በዓይኑ ፈለገ። «ሰባት ቀን ተኛሁ። አልጋዬ አጠገብ አንዲት የጠያቂ ወንበር ነበረች። ነርሷ ለሌላ በሽተኛ ልትወስዳት ስትመጣ፣ ተያት፣ ጋሼ ይመጣል እላታለሁ። በስድስተኛው ቀን ራሴ ውሰጃት አልኳት።»

አናጺው በዚያ ሳምንት ምን ይሠራ እንደነበር ጥርት ብሎ ታወሰው። ሦስተኛውን ቀለም እየቀባ ነበር፤ ሁለተኛው አላረካው ብሎ። ቀለሙ እስኪደርቅ እዚሁ ሳሎን ቁጭ ብሎ፣ ጢኖ ይሄን ሲያይ ምን ይል ይሆን እያለ ስለ ወንድሙ ሲያስብ ነበር የዋለው። በዚያ ሳምንት ብቸኝነት አልተሰማውም። ያፈረውም በዚህ ነው።

«ድንገት እንድታየው ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «መምጣቱ ሰልችቶህ መስሎኝ።»

«ደረጃው ነው የሰለቸኝ።» ጢኖ እንደገና ማሽኑን ቀና ብሎ አየው። «ቆንጆ ነው። ምንም እንከን አይወጣለትም። ግን ጋሼ፣ ዳግመኛ እዚህ የምወጣ አይመስለኝም። ሐኪሙ ከሰማ ራሱ ነው የሚገድለኝ።»

ከታች የታክሲ ጥሩምባ ተሰማ። ጢኖ ሲመጣ ሾፌሩን ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለስ ብሎት ኖሯል፤ ከዚያውም ላይ ግማሹ ደረጃው ላይ አልቋል። አናጺው አንድ ነገር ቅመስ፣ ትንሽ አረፍ በል ቢል፣ ጢኖ መውረዱ ከመውጣቱ እንደሚብስ ነገረው። በሩን እንኳ ሳይቆልፉት ወጡ።

በዚህኛው ጊዜ ጢኖ መደገፉን እንቢ አላለም። ክብደቱን ወንድሙ ትከሻ ላይ ጥሎ ወረደ። ክብደቱ ግን ቀሏል፤ አናጺው ብዙ ጣውላ ስለተሸከመ ክብደት ያውቃል። በየፎቁ እየቆሙ ያርፋሉ። የመጀመሪያው ፎቅ ላይ በቅርቡ የገባች አንዲት ጎረቤት በሯን ከፍታ፣ እንግዳ አለህ ማለት ነው አለችው ለአናጺው። ወንድሜ ነው አላት። ወንድም እንዳለህም አላውቅ ብላ ጢኖን ሰላም አለችው።

አናጺው ወንድሙን ታክሲው ውስጥ አስገባ፣ የታመመ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አስገባለት፣ ከዘራውን አቀበለው። በሩን ይዞ ቆመ። ቅዳሜ ትመጣለህ ሊል ከንፈሩ ተከፍቶ ነበር፤ ዋጠው። እደውልልሃለሁ የሚለውም አፉ ላይ መጣ፤ እሱንም ዋጠው። የቀረው ቃል ቻው ብቻ ነበር።

«እንሂድ?» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ።

«ቆይ» አለ አናጺው። በሩን ዘጋና በመኪናው ኋላ ዞሮ በሌላኛው በኩል ገባ፤ ከወንድሙ ጎን ተቀመጠ።

ጢኖ ቁልቁል እግሩን አየው። «ጋሼ፣ ነጠላ ጫማ ነው ያደረግኸው።»

«አውቃለሁ።»

«ቤቱም አልተቆለፈም። ማሽኑም እንደበራ ነው።»

«ይብራ» አለ አናጺው፤ የታክሲውንም በር ስቦ ዘጋው።