የተዘፈነበት በር

ራዳሩ የወደቀ ዕለት ጠዋት ኤላዲዮ ሙዝ ተክሉ መሀል ጎንበስ ብሎ ያርም ነበር። መጀመሪያ የሰማው ተራራ የተናደ የሚመስል ድምፅ ነው። ቀጥሎ መሬቱ ከእግሩ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ከኮረብቶቹ ጀርባም ነጭ አቧራ ቀስ እያለ ወደ ሰማይ ወጣ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ከነሐሴ ወዲህ የብረት ገመዶቹ አንድ በአንድ ሲበጠሱ አገሩ ሁሉ ያወራ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚል ሰው ጠፍቶ ከርሞ፣ ከላይ ተንጠልጥሎ የኖረው ያ ሁሉ ብረት ወርዶ ሰማይ የሚያዳምጠውን ትልቅ ጆሮ ሰነጣጥቆት ነበር። ኤላዲዮ ዶማውን ጣለና መሬት ላይ ተቀመጠ።

የአሬሲቦ ኮረብታ ሰው ያንን ከኮከቦች የሚመጣ ሞገድ የሚቀበል ግዙፍ ሳህን በረጅሙ የሳይንስ ስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ራዳሩ» ነው የሚለው። ኤላዲዮ ግን ይህንንም ነፍጎት «ድስቱ» ይለው ነበር፤ «አባቴ ቤት ላይ የተጣደው ድስት»። ቀልድ ብቻ አልነበረም። የተወለደው እዚያው፣ ድስቱ በተጣደበት ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ገና ልጅ ሳለ መንግሥት መጥቶ ቦታው ለሳይንስ ይፈለጋል አለና አባቱን ዶን ሴፌሪኖን ከነቤተሰቡ አስነሣው። ዶን ሴፌሪኖ ጠበቃ አላቆመም፣ አቤቱታም አላስገባም። የገና ሰሞን ሲደርስ ግን ኳትሮውን፣ ያችን ትንሽ ጊታሩን፣ ከግድግዳ አውርዶ ጎረቤቱን ሰበሰበና ፓራንዳ ወጣ። የሄደውም በቀጥታ ወደ አዲሱ የብረት በር ነበር።

ፓራንዳ ሕግ አለው። በገና ሰሞን ዘፋኝ ሳይጠራ ይመጣል፤ የተዘፈነበት ሰው ደግሞ ይከፍታል። ተጣልተህም ቢሆን፣ እንቅልፍ ላይ ብትሆንም ትከፍታለህ። ያለህን ታበላለህ። ከዚያ ቤትህን ትተህ ከዘፋኞቹ ጋር ወደሚቀጥለው በር ትሄዳለህ። በሩን ያልከፈተ ሰው ዓመቱን ሙሉ የመንደር መተረቻ ነው። ዶን ሴፌሪኖም በሩ ፊት ቆሞ እንዲህ አለ፦

«ቤቴ የተቀመጥክ እንግዳ፣ ክፈት ባለቤቱ መጣ፤
የኮከብ ድምፅ የሰማ ጆሮ፣ የኔን ድምፅ እንዴት አጣ?»

ዘበኞቹ የዚያው አገር ልጆች ነበሩ። እርስ በርስ ተያዩና ከፈቱ፤ ብስኩትና አይብም አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ በየገናው እንደዚሁ ሆነ። ዶን ሴፌሪኖ ሲሞት ኳትሮውም ግጥሙም ወደ ኤላዲዮ ተላለፉ። ትልቅ አውሎ ነፋስ አገሩን ባራቆተበት ዓመት እንኳ፣ መብራት በሌለበት፣ በሩ ተከፍቷል። ያ ቤተሰብ ከዚያ ጎድጓዳ የቀረው መብት ይኸው ነበር፦ በዓመት አንድ ጊዜ በሩን ማስከፈት።

ከሰዓት በኋላ ኤላዲዮ ጥግ ወዳለው የቻጎ ሱቅ ወረደ። ቻጎ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያሾፍበት የኖረ ጓደኛው ነው።

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ!» አለው ቻጎ ከባንኮኒው ጀርባ። «መሬትህ ተለቀቀልህ። ላሞቹን መቼ ነው የምታስገባው?»

«አፍህን ዝጋ።»

«ምነው? ዕድሜህን ሙሉ ይውደቅ ስትል አልነበር?»

«እኔ አልኩ። አንተ ምን አገባህ? የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አሉ፤ አንተም ምሳርህን ይዘህ መጣህ?» ኤላዲዮ ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቻጎ ደነገጠ፤ ኤላዲዮ ሲያለቅስ አይቶት አያውቅም ነበር።

ኤላዲዮ ራሱም ግራ ገብቶታል። ሲጠላው የኖረ ነገር ሲወድቅ ለምን እንደሚያለቅስ አልገባውም። እዚያ ለምትሠራው ልጄ ለኔሬይዳ ፈርቼ ነው እንዳይል፣ እሷ ደህና ነች። ደህና ብትሆንም ግን ነገሩ ከእሷ ይጀምራል። ሕፃን ሳለች በፓራንዳው ቀን ከእሱ ጋር በዚያ በር ገብታ ነበር። አንዱ ሠራተኛ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቆላት የሩቅ ኮከብ ምት አሰማት። ትክ፣ ትክ፣ ትክ። እግሯ ተመለሰ እንጂ ልቧ እዚያው ቀረ፤ አድጋም ተምራም የመሣሪያዎቹ ጠጋኝ ሆነች። ድስቱ መጀመሪያ ቤቱን፣ ቀጥሎ ልጁን ወሰደበት። እሱም ድስቱን ሲረግመውም ሲኮራበትም ኖረ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ኔሬይዳ መጣችና ወጥ ቤት ተቀምጦ የኳትሮውን ክር ሲወጥር አገኘችው።

«አባዬ፣ ዘንድሮ ይቅር።»

«ምኑ?»

«ምኑን ታውቃለህ። የድሮዎቹን ዘበኞች አንሥተው ከሌላ ቦታ ጥበቃ አምጥተዋል። ከእኛ ከሠራተኞቹ በቀር ማንም አይገባም፤ እኛም የምንገባው የተረፈውን ዕቃ ለመልቀም ነው። ደግሞ ለቅሶ ቤት ፓራንዳ አይወጣም፤ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

ኤላዲዮ ክሩን አንድ ጊዜ መታና አዳመጠ። «መልሰው አይሠሩትም የሚባለው እውነት ነው?»

«የሚሉ አሉ። አርጅቷል፣ ይበቃዋል ይላሉ።»

«አርጅቷል! እኔስ ጎረምሳ ነኝ? ነገ እኔንም ጠራርገው ሊጥሉኝ ነው?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ስትረግመው የኖርከው?»

«እኔ ብረግመው ያምርብኛል። የተቀመጠው አባቴ ቤት ላይ ነው። እነሱ ምኑን ከፍለው ነው 'ይበቃዋል' የሚሉት?» ኳትሮውን ጭኑ ላይ አስተኛው። «ስሚ ልጄ። ለቅሶ ቤት ሰው አለበት። ሰው የሌለበት ባዶ ቤት ነው። ዘንድሮ በሩ ላይ ካልተዘፈነ፣ ዘፍነንም ካልተከፈተ፣ እዚያ ማንም የለም ማለት ነው። ባዶ ነው ብለው ይጠርጉታል። አለቀ።»

«አይከፍቱልህም፣ አባዬ። ትዋረዳለህ።»

«እንግዲያው እዋረዳለሁ።»

ኔሬይዳ ለመሄድ ተነሣች። ስትወጣ ግን የአባቷን ራስ እንደ ልጅ ራስ ዳበስ አደረገችው።

በዚያ ዓመት በወረርሽኙ ምክንያት ሰዓት እላፊ ስለነበረ ፓራንዳው በጠራራ ፀሐይ ወጣ። ቻጎ መጀመሪያ «ምን ቆርጦኝ!» ብሎ ነበር፤ ኋላ ሱቁን ቆልፎ፣ ዘፈን የሚያጅብበትን፣ እየተፋቀ የሚጮኸውን ቅሉን በብብቱ ሸጉጦ ደረሰ። የኤላዲዮ አበልጅ ፕሮቪደንሲያ ማራካዋን፣ ያችን የምትንሿሿ ቅሏን፣ እና በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ባለሥጋ ሊጥ፣ ፓስቴል፣ የሞላበት ማሰሮ ይዛ መጣች። ሁለት ጎረቤቶችም ተከተሉ። ሁሉም አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነዋል።

«አበልጄ፣ በዚህ ጨርቅ ውስጥ ማን ይሰማናል?» አለች ፕሮቪደንሲያ።

«ዘፋኝ መሆናችን ይቅርና ሌባ መስለናል» አለ ቻጎ።

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ያዲኤል የሚባል ወጣት ነበር፤ ከደቡብ፣ ከፖንሴ ነው ያመጡት። ገና ከሩቅ ሲያያቸው እጁን አነሣ።

«አባባ፣ ዝግ ነው። ማንም አይገባም።»

«ገና መች ዘፈንኩና?» አለ ኤላዲዮ፤ ኳትሮውንም መታ።

የአባቱን ግጥም ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘፈነው። ቻጎ ቅሉን ፋቀ፤ ፕሮቪደንሲያ ማራካዋን አንቀጠቀጠች። በሩ አልተከፈተም። ደግመው ዘፈኑ። ያዲኤል ዓይኑን ሰበረ፤ ከወገቡ ላይ ያለው ሬዲዮ ግን «ምንድን ነው እዚያ? ማንም እንዳይገባ!» እያለ ይጮህ ነበር። ከበሩ ወዲያ፣ የራስ ቁር ያደረጉ ሠራተኞች ድምፁን ሰምተው አንድ ሁለት እያሉ ወደ በሩ መውረድ ጀመሩ። ኔሬይዳ ከመሀላቸው ነበረች። ከኋላቸው የብረት ገመዶቹን ተሸክመው ከኖሩትና ከተሰበሩት ግንቦች የአንዱ ጫፍ ይታያል። ኤላዲዮ እሱን ሲያይ የአባቱ ግጥም አልመጣለት አለ። በሕይወቱ ሙሉ በዚያ በር ላይ ሌላ ቃል ዘፍኖ አያውቅም ነበር። ሦስተኛውን ሲጀምር ግን ሌላ ወጣው፦

«ጆሮው ቢወድቅ ባለቤቱ፣ እዚህ ቆሟል መች ወደቀ፤
የተዘፈነበት በር ሳይከፈት፣ ማነው ያለ አለቀ?»

ኔሬይዳ ክንዷን አፏ ላይ አደረገች። አባቷ ድስቱን «እንግዳ» ሳይለው ሲዘፍን ስትሰማ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

«አባባ፣ በእግዜር» አለ ያዲኤል። «ከሥራዬ ነው የምታስወጡኝ።»

«የማን ልጅ ነህ?»

«ያሳደገችኝ አያቴ ነች።»

«አያትህ በር ላይ ሲዘፈን ምን ታደርግ ነበር?»

«ትከፍት ነበር። አንድ ጊዜ እግሯ ተሰብሮ እየዳኸች ከፍታለች።»

«አለቃህ ምን አለህ? ማንም እንዳይገባ አይደል? እኛ መቼ እንግባ አልን? አንድ እግር አናስገባም። በሩን ክፈት ነው ያልንህ።»

ያዲኤል ሬዲዮውን አየ፤ አዛውንቱን አየ። መሳቅ አማረውና በጨርቁ ውስጥ ሳቀ። ሬዲዮውን አጠፋና መቆለፊያውን ፈታ። ከባዱ በር እያቃሰተ እስከ ዳር ተከፈተ። ኤላዲዮ እንደ ቃሉ መስመሩን አላለፈም። ከውስጥ ያሉት ግን መጀመሪያ ኔሬይዳ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ሁሉ ወጡ። አባቷን አቀፈችው፤ ወረርሽኙንም ሁሉንም ረስታ አንገቱ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሌሎቹም ለዚያ ቀን ያጠራቀሙትን እዚያው አወረዱት።

«እሺ፣ ግን ያስከፈተ ይበላል» አለ ቻጎ አፍንጫውን እየጠረገ። «ቤት ያፈራው ምንድን ነው?»

ያዲኤል አፈረ። ያለው ከቤቱ የመጣ ምሳ ብቻ ነበር፤ ሩዝና አተር። ከዘብ ቤቱ አመጣው። ፕሮቪደንሲያ ፓስቴሎቿን ፈታ የሙዝ ቅጠሉን እየቆራረጠች የያዲኤልን ሩዝ ጉርሻ ጉርሻ አድርጋ ለሁሉም አደረሰች። ተራርቀው ቆመው፣ አገጫቸው ላይ ጨርቃቸውን አውርደው በሉ።

ይህን ጊዜ የጥበቃው አለቃ በመኪና እየበረረ ደረሰ።

«ማነው ይህን በር ያስከፈተው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኤላዲዮ፣ ሩዙን እያላመጠ።

«አንተ ማነህ?»

«ባለቤቱ።»

አለቃው ወደ ሠራተኞቹ ዞረ፤ አንድም ሰው አልሳቀም፣ አንድም ሰው አላስተባበለም። «የምን ባለቤት ነው? ከወደቀ በኋላ እዚህ ምን ቀረ?» አለ፤ ግን የጀመረውን ያህል አልጮኸም።

«ልጄ ቀረች» አለ ኤላዲዮ። «እነዚህ ቀሩ። እኔ ቀረሁ። ብስኩት ካለህ አምጣ፣ ከሌለህ ፓስቴል ውሰድና ብላ።» ፕሮቪደንሲያ አንዱን አነሣችና በአለቃው እጅ ላይ አኖረችለት። ቅጠሉ ገና ትኩስ ስለነበር ሰውየው ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠው ቆመ።

ኔሬይዳ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «ከዚህ ወዴት ነው፣ አባዬ? የከፈተ ሰው ይከተላል፤ ወደሚቀጥለው በር ነው የሚኬደው።»

«እነዚያ 'ይበቃዋል' ያሉት ሰዎች የት ነው ያሉት?»

«ግማሾቹ ሳን ሁዋን፤ ግማሾቹ ባሕር ማዶ።»

«በር አላቸው?»

ቻጎ ቅሉን አንድ ጊዜ በረጅሙ ፋቀው። «ወይ ጉድ! ይህ ሰውዬ ሊያስገድለን ነው» አለ፤ ግን ቀድሞ መንገዱን የጀመረው እሱ ነበር።

«ከሳን ሁዋኑ እንጀምራ» አለ ኤላዲዮ። «ሰዓት እላፊው ሳይደርስብን አንድ በር እናዳርሳለን። ካልከፈቱ ነገ እንመለሳለን። በሌላ ቀንም እንመለሳለን። ገና ሲያልቅም ገና አላለቀም ብለን እንዘፍናለን።»

ኔሬይዳ የራስ ቁሯን አውልቃ የጭነት መኪናዋን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች። ሠራተኞቹ እየተረዳዱ ከኋላ ወጡ። ያዲኤል አለቃውን አየ፤ አለቃው ፓስቴሉን። ወጣቱ ኮፍያውን ዘብ ቤቱ መስኮት ላይ አኑሮ ሲመጣ፣ በሩ ወለል ብሎ መቅረቱ ትዝ አለው።

«አባባ፣ በሩን ልዝጋው እንዴ?»

ኤላዲዮ ኳትሮውን አቅፎ መሪውን ከያዘችው ልጁ ጎን ተቀምጦ ነበር።

«ተወው» አለው። «ባለቤቱ ወጣ ብሎ ነው፤ ይመለሳል።»

ያዲኤልም ዘሎ ከኋላ ተሳፈረ፤ መኪናው ተነሣ።