ለአባታቸው የሚሆን ቃል

ድንጋይ ወረቀት አይደለም ብዬ በሱቄ በር ላይ ልጽፍ ነው። ዕድሜዬን የመቃብር ድንጋይ ስቀርጽ ኖሬያለሁ፤ እንደነዚህ እህትና ወንድም ቆሽቴን ያሳረረኝ ግን የለም። የአባታቸውን ስም ጽፌ ጨርሻለሁ። የቀረችው ከስሙ ሥር የምትገባ አንዲት ቃል ናት፤ የማይዋሽ፣ የማያታልል ሰው እንደነበር የምትናገር። በዚችው ቃል መስማማት አቅቷቸው ድንጋዩ ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሞ ሌላ ሥራ አላሠራ አለኝ።

ወንድምየው መድኃኒት ቤት አለው። «ሐቀኛ በልልን» ብሎኝ ይሄዳል። በእርሳስ ነድፌ መሮዬን ስጨብጥ እህቱ ትደውላለች። እሷ የቋንቋ መምህርት ናት፤ «ታማኝ» ካልተባለ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ናት። አጥፍቼ እንደገና እነድፋለሁ። ደግሞ እሱ ይደውላል። እኔማ «ቅን» ቢሉኝ ደስታዬ ነበር፤ ሁለት ፊደል ናት፣ ከምሳ በፊት ታልቃለች። ማን ጠይቆኝ!

በመጨረሻ፣ «ሁለታችሁም ኑ፤ እናታችሁንም ይዛችሁ ኑ። ሰውየው ለሳቸውም ባላቸው ነው» አልኳቸው። መጡ። እናትየው በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ድንጋዩን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

መምህርቷ ክፍል የገባች ይመስል ጀመረች።

«ሐቅ ከዐረብኛ የመጣ ነው። እውነት ማለት ነው፤ ለሰው የሚገባው ድርሻም ማለት ነው። ሐቄን ስጡኝ እንል የለ? ቅን፣ ቀና ከሚለው ነው፤ ያልተጣመመ። ታማኝ ደግሞ ከማመን ነው፤ ሰው የሚያምነው ማለት ነው። አባዬን ያላመነ ማን አለ?»

«ፈተናው መቼ ነው?» አላት ወንድሟ።

ትዕግሥቴ አለቀ። «እማማ፣ እባክዎ እርስዎ ይቁረጡት» አልኩ።

«አንዱንም አትጻፍ፣ ልጄ» አሉኝ። «በሽታውን ደብቆኝ ነው የሞተው። ሐኪም ቤት እየተመላለሰ ጫማ ላሠራ ሄጄ ነው ይለኝ ነበር። መታመሙን የሰማሁት ከቀበርነው በኋላ ነው። ሳልሰናበተው ሄደ። ውሸታም ብለህ ጻፍ እንዳልልህ ልጆቼ ያፍራሉ።»

«እማዬ፣ እንደሱ አትበይ!» አለች መምህርቷ። «አባዬ ውሸታም አልነበረም። ለእኛ እኮ ሁሉንም ነግሮናል!»

ወንድሟ ዐይኑን ጨፈነ። እሷም ምላሷን ነከሰች፤ ምን ያደርጋል።

«ነገራችሁ?» አሉ እናትየው። ቀስ ብለው ወደ ወንድ ልጃቸው ዞሩ። «ያ ያመጣህለት ቪታሚን?»

«ቪታሚን አልነበረም፣ እማዬ። እንዳትጨነቂ ብለን ነው። አባዬ ነው እንዳትነግሯት ብሎ ያስማለን።»

«በየጠዋቱ በገዛ እጄ ነበር የምሰጠው። ዋጥ፣ ጎረምሳ ያደርግሃል እያልኩ እስቅበት ነበር።»

እስካሁን የተናደድኩት ለጠረጴዛዬ ነበር። አሁን ግን ለእሳቸው ደሜ ፈላ።

«ሐቅ ድርሻ ነው አላልሽም?» አሏት ልጃቸውን። «እንግዲያ ሐቄን በላችሁት! ሦስታችሁ ተካፍላችሁ በላችሁት። መጨነቁ የኔ ነበር። ከሱ ጋር መጣላቱ፣ ማልቀሱ፣ እጁን ይዞ መቀመጡ የኔ ነበር። ማን ውሰዱልኝ አላችሁ?»

መምህርቷ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ደግሞ የምገባበት ጠፍቶኝ፣ «ታዲያ ምን ልጻፍ፣ እማማ?» አልኩ። እንደዚያን ጊዜ ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

«ይቆይ። መጀመሪያ ይንገሩኝ» አሉ። «ሐኪሙ የነገረው ቀን ማን አብሮት ነበር? ምን አለ? ፈርቶ ነበር?»

ወንድምየው ከነሙሉ ልብሱ የድንጋዩ ብናኝ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ነበርኩ» አለ። «ማንም አላስማለንም፣ እማዬ። አሁን የነገርኩሽ ውሸት ነው። ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠና፣ ደውልልኝ፣ እሷ ትምጣልኝ አለኝ። እሷ አትስማ ያልኩት እኔ ነኝ። ለምኖኛል፤ እምቢ አልኩት።»

እናትየው ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ምን ብሎ ለመነህ?» አሉት። «ቃል በቃል ንገረኝ።»