የርቢ ዶሮ

በሃምሳ አምስት ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ከእርሻ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ ነቀምቴ ተመደብሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የማላውቀው ነገር ያለም አይመስለኝም ነበር። የሸዋ ልጅ በመሆኔ ኦሮምኛዬ ሰላምታ ከመለዋወጥ አያልፍም፤ እሱንም ቢሆን ገበያ ላይ ሴቶቹ እየሳቁ ያርሙኝ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን አሳብ ግን ጥሩ ነበር፤ ዛሬም አልክደውም። ለችግረኛ የገጠር ቤተሰብ የፈረንጅ ዶሮ በነጻ ይሰጣል፤ ቤተሰቡ እንቁላሉን እየሸጠ እህልና ጨው ይገዛል፣ ልጆቹን ያለብሳል። መጀመሪያ በአንድ ቤት ይሞከርና ከተሳካ ለሌሎቹ ይዳረሳል።

ያ አንድ ቤት ከነቀምቴ ወጣ ብላ ካለችው ከጉቴ መንደር አለፍ ብሎ ያለው የድርቤ ቤት ሆነ። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። በሬ የላትም፤ የምትዘራውም ጓሮዋን ብቻ ነው። ያለቻት አንዲት ልጅ ደራርቱ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉቴ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። ጎረቤቱ ሁሉ ድርቤን “ሐዳ ደራርቱ”፣ የደራርቱ እናት፣ እያለ ነው የሚጠራት። የምትኖርበትንም ምክንያት ለማወቅ ከዚህ ስም በላይ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር።

ግንቦት ላይ ስድስት ነጫጭ ቄቦችና አንድ አውራ ዶሮ በበቅሎ አስጭኜ ወሰድሁላት። ጨመዳ የሚባል የሰፈሩ ሽማግሌ እያስተረጎመልኝ ረጅም ንግግር አደረግሁ። ስለ ቆጥ ከፍታ ተናገርሁ፣ ስለ ውሃ ንጽሕና ተናገርሁ፣ ስለ ጭልፊትና ስለ ፈንግል በሽታ ተናገርሁ። ሽማግሌው ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻ የርክክብ ወረቀት አውጥቼ ድርቤን በአውራ ጣቷ አስፈረምኋት፤ ከሦስት ወር በኋላ መጥቼ አያለሁ አልኋት። እሷም ጎንበስ ብላ “እሺ ጎፍታኮ” አለችኝ፤ ጌታዬ ማለቷ ነው። እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው ስላልነበረ ደስ አለኝ፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

ክረምቱ ገባ። መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት ነው እያልሁ ቢሮዬ ተቀምጬ ስለ ዶሮዎቹ ጥሩ ጥሩ ሪፖርት እጽፍ ነበር። ሳላያቸው። ሦስት ወር ያልሁት አራት ሆነና መስከረም መጨረሻ ላይ ሄድሁ።

ቆጡን ሳይ ልቤ ሞላ። ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ተጠርጎ የጸዳ፣ ውሃው የጠራ ነው። ሰባቱም ዶሮዎች አሉ፤ ላባቸው ያበራል። ከተናገርሁት አንድ ነገር አላጓደለችም። ድርቤ ግን ጉንጯ ገብቶ፣ የአንገቷ አጥንት ወጥቶ ነበር። ልጅቷስ ብዬ ብጠይቅ ነቀምቴ ናት አለችኝ።

ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ገለባ የተጎዘጎዘበት ቅርጫት አወጣች፤ ተመልሳ ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን አመጣች። ሁሉም እንቁላል ነው። አንዳንዱ ፈንድቶ ሽታው ከሩቅ ይመጣል።

“ይኸው ጎፍታኮ፣ አንድም አልነካሁም” አለች፤ ጨመዳ እያስተረጎመላት። “ግን አይታቀፉም። ይጥላሉ፣ ጥለው ይሄዳሉ። ጫጩት ባገኝ ኖሮ ድርሻህን አዘጋጅልህ ነበር።”

የምን ድርሻ ብዬ ወደ ሽማግሌው ዞርሁ። እሱም አላዋቂነቴ እየገረመው አስረዳኝ። በዚህ አገር ዶሮ ያለው ለሌለው በርቢ ይሰጣል። ተቀባይዋ ትጠብቃለች፣ ታስታቅፋለች፤ ጫጩቶቹ ሲያድጉ ከባለቤቱ ጋር እኩል ይካፈላሉ። እስከዚያ እንቁላሉን መብላትም መሸጥም ነውር ነው፤ የሰው ገንዘብ ነዋ። ድርቤ ዕድሜዋን ሙሉ የያዘችው ዶሮ ሁሉ የርቢ ነው። ሰው ዶሮ አምጥቶ፣ እንዲህ ጠብቂ ብሎ፣ አስፈርሞ፣ መጥቼ አያለሁ ካለ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ያውም የመንግሥት ሰው። ሽማግሌው ራሱም ሲያስተረጉም ርቢ ነው ብሎ ነበር ያሰበው።

እኔ ደግሞ ስለ ፈንግል አንድ ሰዓት ስለፈልፍ፣ ዶሮዎቹ የራስሽ ናቸው ማለትን ረሳሁት። መቼም ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። የፈረንጅ ዶሮ እንደማይታቀፍም አልነገርኋት።

አሁን ነገርኋት። ዶሮዎቹም እንቁላሉም ያንቺ ነው፣ የሚካፈልሽ የለም አልኋት። ሽማግሌውን ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

“ከመቼ ጀምሮ?” አለች።

“ካመጣሁልሽ ቀን ጀምሮ።”

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ቅርጫቶቹን ብዙ ጊዜ አየቻቸው።

“ደራርቱን ነሐሴ ላይ ሰጠኋት” አለች ቀስ ብላ። “እህል አልቆብኝ ነበር። ትምህርቷን አስትቼ ለሰው ቤት ሰጠኋት። እንቁላሉ እዚህ ተቀምጦ።”

ብትሰድበኝ፣ ብታባርረኝ ይሻለኝ ነበር። አልተሰደብሁም። ዛሬ ሸምግዬም ያ ደጃፍ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

ሌላ የምሠራው ስላጣሁ እንስራውን ተቀብዬ ውሃ ቀዳሁ። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ውሃ ውስጥ ከተትናቸው፤ የተንሳፈፈውን ከጓሮ ቀበርን፣ የሰመጠውን ለየን። ደህናው አርባ ያህል ነበር። መታቀፍ ያሰኛትን የጨመዳን የአበሻ ዶሮ ለምነን ዐሥሩን ከሥሯ አደረግን። የቀረውን ድርቤ በገለባ ጠቅልላ ቅዳሜ ነቀምቴ ገበያ አወጣችው። አንዲት የሆቴል ቤት ወጥ ሠሪ እንቁላሉን ሁሉ ገዛች። ድርቤ በገንዘቡ ከረጢት በቆሎ ሸመተችና ልጄን አምጣልኝ አለችኝ፤ አብረን ሄድን።

ደራርቱ የነበረችው ጨለለቂ በሚባለው የነቀምቴ ሰፈር፣ ወይዘሮ በዛብሽ ቤት ነው። ወይዘሮ በዛብሽ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ባላቸው ነጋዴ ነው። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ልጅቷን አብልተዋታል፣ አልብሰዋታል። ከንጋት እስከ ማታ ቁጭ አትልም እንጂ። ገና ሥራ መልመዷ ነው፣ ምነው ቸኮላችሁ ብለው ትንሽ አጉረመረሙ፤ በኋላ የእናትየዋን ፊት አይተው ተዉት።

ልጅቷ ጨርቋን በእጇ ቋጥራ ወጣች። እናቷን ሳመች። ከረጢቱን ስታይ ግን ቆመች።

“አዮ፣ ይህን ከየት አመጣሽው?” አለች፤ እማዬ ማለቷ ነው።

እናቷ እንቁላል ሸጬ ነው አለቻት። ደራርቱ ቋጠሮዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። በኦሮምኛ ነበር የተናገረችው፤ ሆኖም ከጥር ወዲህ ጆሮዬ ስለለመደ ያን ያህሉን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። የሰው እንቁላል ከሸጥሽ እዚሁ እሠራና እንክፈለው፤ እኔ አልመጣም ነው ያለችው።

ድርቤ ወደ እኔ ዞረች። “አንተ ንገራት” አለችኝ በምታውቃት ጥቂት አማርኛ።

ነገርኋት። ዶሮዎቹ የእናትሽ ናቸው፤ ያኔም የእሷ ነበሩ፤ ሳልነግራት የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው አልሁ። ደራርቱ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ። በዚያ ቤት በከረመችበት ጊዜ አማርኛዋ ጠርቷል፤ በአንቱታ ነው የጠየቀችኝ።

“ያኔ ለምን አልነገሯትም?”

ቁጣ የለበትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። ከረጢቱን ከእናቷ ጀርባ ተቀብዬ በቅሎዬ ላይ ጫንሁና፣ ከሁለቱ ኋላ በእግሬ እስከ ጉቴ ሄድሁ።